ሥራው ለሌላ ድርጅት ሲሰጥ የወሎ ሶፍትዌር ባለሙያ ምን ይዞ ይቀራል?

[ምስል፦ ደሴ ከጦሳ ተራራ ላይ ስትታይ]

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀጥሮ ሰባት ስምንት ዓመት ኮድ የጻፈ ባለሙያ ዛሬ በሁለት ወገን ተይዟል። ቀጣሪው ሥራውን አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በኮንትራት ቢሰጠው እንደሚረክስለት ያሰላል፤ የውጭ ኩባንያ ደግሞ ያንኑ ባለሙያ በርቀት ሊያሠራው ይፈልጋል።

ሁለተኛውን ያባባሰው የብር ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ስሌት በወር 20,000 ብር የሚከፈለው ባለሙያ ለውጭ አሠሪ ከ350 ዶላር ወደ 200 ዶላር እንኳ የማይሞላ ዋጋ ወረደ። በዶላር ለሚከፈለው እሰየው ነው፤ ሆኖም በርካሽነቱ የተመረጠ ሰው ከእሱ የረከሰ በተገኘ ዕለት ይተዋል። ኮምቦልቻ ይህን ከኢንዱስትሪ ፓርኳ ታውቀዋለች፤ አሜሪካ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል፣ ስታስወጣ ሠራተኛውን ያማከረ አልነበረም። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም የርቀት ሠራተኛ አይረሳውም።

[ምስል፦ የአባላት መዝገብ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ]

እንግዲህ በቀላሉ የማይሄደው ሥራ የትኛው ነው? አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እንውሰድ። አንዱ አባል በአንደኛው ቅርንጫፍ «ሙኀመድ»፣ በሌላው «ሙሀመድ»፣ በሦስተኛው «ሙሐመድ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጎ ካላየ ያው ሰው ሦስት ሆኖ ሦስት ጊዜ ይበደራል። ወለዱ በወር የሚታሰብ ከሆነም ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ይቆጠር ወይስ ከነሐሴ ጋር ይጠቃለል የሚለው ውሳኔ በኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ቢሆንም፣ ምክንያቱን የሚያውቀው ከሒሳብ ሹሟ ጋር ተቀምጦ የተከራከረው ሰው ብቻ ነው። በዝርዝር ተጽፎ የሚላክ ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ ተጨማሪ ቅጽ ወይም ሪፖርት፣ ማንም ዘንድ ይሠራል። በእኔ እምነት በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለ ባለሙያ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ከማሳደድ ይልቅ በዚህ ዕውቀቱ መደራደር ይበጀዋል።

[ምስል፦ የሥራ ውል ገጾች]

ይህም ሆኖ የሚቀነስ ይኖራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በሠራተኛ ቅነሳ የሚሰናበት ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተከታይ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ለተቀነሰ ሠራተኛ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ አለ። ስምንት ዓመት የሠራው ባለ 20,000 ብሩ ባለሙያ፣ ግብር ሳይታሰብ፣ 107,000 ብር ገደማ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ለቅጥር ነው። በራሱ ኃላፊነት በአገልግሎት ውል የሚሠራ ሰው በአዋጁ አይሸፈንም፤ «ከነገ ጀምሮ በኮንትራት እንሥራ» የሚል ግብዣ በደህና ዋጋ ሲመጣ ብዙዎች ይህን ሳያዩ ይፈርማሉ። ስለዚህ ባለሙያው አዲሱን ውል ከመፈረሙ በፊት የቀደመው አገልግሎቱ ስንብት ተሰልቶ በጽሑፍ እንዲሰጠው፣ በአዲሱም ውል የማቋረጫ ማስጠንቀቂያና ተሠርቶ ላለቀ ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ በግልጽ እንዲሰፍር መጠየቅ አለበት።