ከዓባይ በረሃ እስከ ማርቆስ፦ ኦክቴን ምንድን ነው? ሞተርስ ለምን ያንኳኳል?

[ምስል፦ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፤ ሰውና ዕቃ የሞላት የቤት መኪና]

ይህን ድምፅ ስሙት። ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከትቶ እንደመነቅነቅ ነው። አሽከርካሪው በአራተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦታል፤ ሞተሩ ግን በደቂቃ 1,500 ዙር እንኳ አልሞላም። እግሩን ሲያነሳ ድምፁም ይጠፋል።

[ምስል፦ የሲሊንደር ውስጥ ሥዕል]

ካንዴላው ሲያቀጣጥል ነበልባሉ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ጤነኛ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ ተራውን ጠብቆ ይነዳል። ዳር ላይ የቀረው ድብልቅ ግን በነበልባሉ ግፊት እየታመቀ ይግላል፤ ታግሦ ካልጠበቀና ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ቦግ ካለ፣ ግፊቱ በቅጽበት ይዘልና የሲሊንደሩን ግድግዳ ያንቀጠቅጠዋል። ማንኳኳት የምንለው ይኸው ነው። ጉዳቱ ከድምፁ ይብሳል። ፒስተኑን ከሙቀት የሚከልለው ስስ የጋዝ ሽፋን ይገፈፋል፤ የፒስተን ቀለበት መቀመጫ ይሰበራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይበላል፣ ሲቆይም የፒስተኑ አናት ይቀልጣል።

ኦክቴን የቤንዚኑ የትዕግሥት ልክ ነው። አይሶኦክቴን ለተባለው ፈሳሽ 100፣ ለኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ተሰጥቷል። 91 የሚባል ቤንዚን፣ በመሞከሪያው ሞተር ላይ 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን የተቀላቀለበት ፈሳሽ እንደሚያንኳኳው ያህል ያንኳኳል። ቁጥሩ የጉልበት ልክ አይደለም፤ ለ91 በተሠራ ጤነኛ ሞተር 95 ብትሞሉ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አታገኙም።

የእናንተ መኪና የሚፈልገው ቁጥር ብዙ ጊዜ የነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ አለ። ለአሜሪካ የተሠራ መኪና ላይ 87 ካያችሁ ግን እንዳትሳሳቱ፤ እነሱ የሁለት መለኪያዎችን አማካይ ስለሚጽፉ፣ በሌላው አገር አጻጻፍ 91 አካባቢ ማለት ነው።

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ]

ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ ጠግቦ ስለማይሞላ፣ ቱርቦ የሌለው መኪና የሚፈልገው ኦክቴንም ይቀንሳል። «ደጋ ስወጣ መኪናዬ ይደክማል፣ ቤንዚኑ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የጎደለው ግን አየር ነው፤ አየርን በኦክቴን መተካት አይቻልም። ቱርቦ ያለው መኪና አየሩን ራሱ ስለሚጨምቅ ይህ ቅናሽ ብዙም አይነካውም።

ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል፤ ግፊቱ ከደጀኑ በስድስተኛ እጅ ገደማ ይበልጣል፤ ቆላው ይጋረፋል፤ ወዲያው ደግሞ ዳገቱ ይቀበላችኋል። ማርቆስ ላይ ዝም ያለ መኪና እዚህ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ዳገቱን ሳትጀምሩ ማርሽ ቀንሱና ዙሩን 3,000 አካባቢ ያዙ፤ ሞተሩ ፈጠን ሲል ድብልቁ በራሱ ቦግ የሚልበት ጊዜ ያጥረዋል። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ 3 ወይም ወደ 2 አውርዱት። ኤሲውን አጥፉ። የራዲያተሩን ውኃ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እዩት እንጂ፣ መንገድ ላይ የጋለ ክዳን አትክፈቱ።

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት ላይ የቤንዚን ጠብታ]

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ግን ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። የላምባ ኦክቴን 20 እንኳ መሙላቱ ያጠራጥራል። 36 ሊትር ባለ 91 ቤንዚን ላይ 4 ሊትር ላምባ ቢጨመር ቁጥሩ ወደ 84 ይወርዳል፤ ይህን ማርሽ መቀነስ አያድነውም። ነዳጅ ጠፍቶ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ከሞላችሁ በኋላ ካወቃችሁ ማስቀዳት ነው፤ ጋኑ ውስጥ ጥሩ ቤንዚን መጨመር ቁጥሩን በጥቂቱ ብቻ ያነሣዋል።

ቤንዚኑ ደኅና ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ፣ ካንዴላው ለመኪናው የታዘዘው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ቀጥሎ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት (የራዲያተሩን ውኃ የሚያሳልፈው በር)፣ ከዚያ ፒስተኑ አናት ላይ የተጋገረ ጥቀርሻ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ማንኳኳቱን በሴንሰር ሰምቶ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ስለዚህ ድምፅ ሳይሰማ ጉልበት ሊቀንስና ነዳጅ ሊበላ ይችላል። የኮምፒውተር ምርመራው ፒ0325 የሚለውን የዚህ ሴንሰር ብልሽት ኮድ ካወጣ የሴንሰሩን ሽቦና ማሰሪያ ፈትሹ። በብሎን የሚታሰረው ዓይነት የብሎኑ ጥብቀት ብዙ ጊዜ 20 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከላላ ሴንሰሩ ማንኳኳቱን አይሰማም። ዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ያለው አሮጌ መኪና ላይ ግን እሳቱን የሚያስተካክለው መካኒኩ ነው፤ በታይሚንግ መብራት 2 ዲግሪ ማዘግየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ፣ ጭነት ሳይኖርበት ዱብ ዱብ የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ ግን ኦክቴንን እርሱት። ያ የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩን ወዲያው አጥፉና ዘይቱን ለኩ።