ጳጳስ ከመሆናቸው በፊት አስተርጓሚ ነበሩ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የአስተርጓሚነት ሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ትርጉም በዲፕሎማሲ ታሪክ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፣ ሰዓቱ ጠባብ ስለሆነ፣ በምንኖርባት በለንደን፣ ቴምዝ ዳር ፉልሃም ስለተቀበሩ አንድ ሰው ብቻ ልነግራችሁ መርጫለሁ። ስማቸው ጆን ሮቢንሰን ነው። በ1723 ሲሞቱ የለንደን ጳጳስ ነበሩ፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የታሪክ መጻሕፍት ጳጳስ ይሏቸዋል፣ አምባሳደር ይሏቸዋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የእኛው ሰው ናቸው እላለሁ።

የተወለዱት በ1650 በዮርክሸር፣ ክሊዝቢ በምትባል መንደር ነው። ለእጅ ሙያ ተሰጥተው ሳለ፣ ጌታቸው ልጁ ከሥራው ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር እንደሚውል አይቶ ወደ ትምህርት ላካቸው ይባላል። ኦክስፎርድ ተምረው የኦሪየል ኮሌጅ አባል ሆኑ። ከዚያም በ1680 ገደማ በስዊድን ለነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቤት ቄስ ሆነው ባሕር ተሻገሩ። ሥራቸው ጸሎት ማድረስና መስበክ ነበር። መልእክተኛው ሲሄድ ግን ቄሱ ቀሩ። ቋንቋውን ስለሚያውቁ ጉዳዩ ሁሉ በእጃቸው ገባ፤ በሂደትም ራሳቸው የእንግሊዝ ወኪል ሆኑ። በ1694 ስለ ስዊድን የጻፉት መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመ። በጠቅላላው ለሠላሳ ዓመት ያህል እዚያው ስዊድን ኖሩ።

የቋንቋው ፍቅር ምን ያህል እንደዘለቃቸው ልንገራችሁ። ለመሪ ቃላቸው የመረጡት በላቲን ሳይሆን በጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የተነገረ ቃል ነው፤ «ሰው የአፈር ጭማሪ ነው» ይላል። ይህንኑ ቃል ሩን በሚባለው ጥንታዊ ፊደል አስጽፈው ኦክስፎርድ ባሠሩት ሕንፃ ላይ አስቀመጡት። አንድ የውጭ አገር ሰው እኛ ዘንድ ሠላሳ ዓመት ኖሮ አገሩ ሲገባ፣ በሠራው ቤት ግንብ ላይ የግእዝ ጽሑፍ ቢያስቀርጽ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ዘመኑ 1707 ነው። የስዊድኑ ንጉሥ 12ኛው ካርል ጦራቸውን ይዘው ጀርመን ምድር፣ ሳክሶኒ ውስጥ፣ አልትራንሽቴት በሚባል ስፍራ ሰፍረዋል። እንግሊዝና ተባባሪዎቿ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። ይህ ጦር ወደ ምዕራብ ቢዞርባቸው የተባባሪዎቹ ዕቅድ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ የእንግሊዝ የጦር አዛዥ የማርልቦሮ መስፍን የንጉሡን ሐሳብ ለመስማት ራሳቸው መጡ። መስፍኑ ስዊድንኛ አያውቁም። ንጉሡ ፈረንሳይኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩትም። በሁለቱ መካከል የቆሙት ሮቢንሰን ናቸው። መስፍኑ በፈረንሳይኛ ተናገሩ፤ መልሱ በስዊድንኛ መጣ፤ ቄሱ ተረጎሙት። ኋላ ንጉሡ ጦራቸውን ወደ ሩሲያ አዞሩ፤ በ1709ም ፖልታቫ ላይ ተሸነፉ። የዞሩት በትርጉሙ ነው ብዬ አላጋንንም፤ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የንጉሡ መልስ ወደ መስፍኑ የደረሰው በእኚህ ቄስ ምላስ ነው።

ያንን ስፍራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያጋጠመኝን አልረሳውም። አንዲት እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብለው ነበር። በዚያን ቀን አስተርጓሚ ስላልተጠራ ያስተረጎመላቸው አማርኛ በወጉ የማያውቅ የልጅ ልጃቸው ነው። «ሆዷን ያማታል» አለ። እኔ ስጠራ እኚህ እናት ለሆድ ሕመም ሁለት ጊዜ ተመርምረዋል። ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» ስላቸው፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ልጄ ከሞተ ሰባት ወሩ» አሉኝ። ሐኪሟ ይህን ስተረጉምላት ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ክፍል ስወጣ የነገሩኝ ግን የተመደበልኝ ሃያ ደቂቃ ማለቁንና ከዚያ በላይ ለቆየሁበት እንደማይከፈለኝ ነው!

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀን እውቀት በደቂቃ መስፈር ከየት የመጣ ልማድ ነው? «ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ማንም ይሠራዋል» የሚሉን፣ ሁለት እጅ ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል ይሉ ይሆን? አንድ መንግሥት ጦር የሚመልስ ጉዳዩን ለአንድ አስተርጓሚ ምላስ ሲያምን ክብር ከሆነ፣ የእኚያ እናት ሐዘን በእኛ ምላስ ሲያልፍ ስለ ምን ተራ ነገር ይሆናል?

እንግሊዝ ሮቢንሰንን አልጣለቻቸውም። በ1710 የብሪስቶል ጳጳስ፣ በሚቀጥለው ዓመትም የንግሥት አን ማኅተም ጠባቂ ሆኑ፤ በእኛ ወግ ወደ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚጠጋ ማዕረግ ነው። በ1712 ከፈረንሳይ ጋር የነበረውን ጦርነት ለመቋጨት ሆላንድ ውስጥ ዩትሬክት ላይ የሰላሙ ጉባኤ ሲከፈት የእንግሊዝ ዋና መልእክተኛ እሳቸው ነበሩ። የከበደባቸውም እዚያ ነው። ሎንዶን ያሉት ሚኒስትሮች ከፈረንሳይ ጋር በስውር ይደራደሩ ስለነበር፣ ንግሥቲቱ ከእንግዲህ የኪዳን ግዴታ የለባትም የሚለውን መርዶ ለተባባሪዎቹ ለሆላንዶች እንዲናገሩ የተደረጉት ጳጳሱ ናቸው። የሌላውን ቃል በራስ አፍ መሸከም እንዴት እንደሚመር እኛ እናውቃለን።

ሰላሙ በሚያዝያ 1713 ተፈረመ። በዚያው ዓመት ከስፔን ጋር የተደረገው ውል ግን ጅብራልታርን ብቻ አይደለም ለእንግሊዝ የሰጠው፤ ለሠላሳ ዓመት በየዓመቱ 4,800 አፍሪካውያንን ለባርነት ወደ ስፔን የአሜሪካ ግዛቶች የማጓጓዝ መብትም ጨምሮበታል። ሰውየውን እወዳቸዋለሁ፤ አፍሪካዊ ሆኜ ይህን ሳልናገር ማለፍ ግን አልችልም። የሰላም ሰነድ የተባለው የእነዚያ ሰዎች ሰንሰለትም ነው።

በ1714 የለንደን ጳጳስ ሆኑ። መንግሥት ሲለወጥ የዩትሬክት ባልደረባቸው ስትራፎርድ በፓርላማ ተከሰሱ፤ እሳቸው ግን አልተከሰሱም። ለኦሪየል ተማሪዎችም የትምህርት ድጋፍ ትተው ሄዱ።

በመውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች የምንልከው ደብዳቤ ተቀምጧል። ለዝግጅት የምናጠፋው ጊዜ እንዲከፈለን፣ ልጆችም ለወላጆቻቸው ሕመም አስተርጓሚ እንዳይደረጉ ይጠይቃል። ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።