ማጭድን ጎባጣ የሚል የለም

(ደብረ ብርሃን፣ በትምህርት ቤት የቋንቋ ክበብ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የዛሬን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወሬዬ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ «ጎባጣ»።

በቀደም አንድ ተማሪዬ «ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ጎባጣ ነው» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስኪርቢቶ አከበብኩበት። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ተቆፋፍሮ መኪና የሚያነጥር መንገድ ደግሞ ጎርባጣ ይባላል። አንዲት «ር» ጣልቃ ገባችና ነገሩ ሌላ ሆነ። ጎርባጣ የሚጎረብጥ ነው፤ ጎባጣ የጎበጠ።

ቃሉ የወጣው «ጎበጠ» ከሚለው ግስ ነው። ሰበረ ብለን ሰባራ፣ ሸረፈ ብለን ሸራፋ፣ ጠመመ ብለን ጠማማ እንደምንለው ማለት ነው። እስቲ ዘመዶቹን ልብ በሉልኝ! ሁሉም ጉድለት ናቸው። ጎባጣም ከነሱ ጋር ነው የሚውለው። ቀጥ ማለት ሲገባው ለታጠፈ ነገር እንጠቀምበታለን። ድንጋይ ላይ አስደግፈን በመዶሻ የምናቃናው ሚስማር ጎባጣ ነው። ማጭድን ግን ጎባጣ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያ ሆኖ ነዋ የተሠራው። ቀጥ ያለ ማጭድ ምኑን ያጭዳል? የመንዝ አውራ በግ ቀንድም ቆልማማ ነው እንጂ ጎባጣ አይባልም። የሒሳብ መምህራን ደግሞ ከክብ ዙሪያ ላይ የተቆረጠችውን ቅስት ይሏታል።

ሰው ላይ ሲደርስ ጠንቀቅ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ገብስ አጨዳ ላይ፣ አያቴን አየሁና «እማማ ጎባጣ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ኩርኩም አቀመሰችኝ። «ጎበጥ ብለዋል ነው የሚባለው፣ አንተ ባለጌ!»

እውነቷን ነው። «ጎበጥ አለ» ስንል የምናወራው ስለ ወገብ ነው። «ጎባጣ» ስንል ግን ለሰውየው ስም አወጣንለት።

አያቴ ቀና እንኳ አላሉም። በግራ እጃቸው ገብሱን ጭብጥ አድርገው ማጭዱን ከሥር ሳብ አደረጉና «ተዪው ልጁን» አሉ። «ቀጥ ብሎ ያጨደ ማን አለ?»

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።