ዉድፎርድ ላይ የቆመው የድንጋይ ቦምብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ!

ረጅም ንግግር እንደማትወዱ አውቃለሁ። ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ግን ስለ ዉድፎርድ ትንሽ ላውራችሁ። ብዙዎቻችን በለንደኑ የሴንትራል መስመር ባቡር እናልፈዋለን እንጂ አንወርድበትም። ከኤፒንግ ጫካ አጠገብ ያለ ጭር ያለ ሰፈር ነው። ቢሆንም የዋዛ አይደለም። ዊንስተን ቸርችል እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ ነበሩ። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ክሌመንት አትሊም በ1920ዎቹ ሞንክሃምስ አቬኑ ላይ ኖረዋል። በ1945 ምርጫ ቸርችልን ከሥልጣን ያወረዷቸው እኚሁ የሰፈሩ ሰው መሆናቸው ሁሌም ያስቀኛል።

የቸርችል ሐውልት ሜዳው ላይ ተገትሯል፤ ማንም አይስተውም። እኔ ላሳያችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። ዋናው መንገድ ዳር፣ በድንጋይ የተቀረጸ ቦምብ አለ። ያሠሩት የሰፈሩ ነዋሪ፣ እንግሊዛዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። በ1932 ጄኔቫ ላይ ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ ሲመከር፣ እንግሊዝ ከአውሮፕላን ቦምብ መጣልን አልተውም አለች። ሲልቪያ ሐውልቱን ለእነዚያ የቦምብ ጠበቆች “መታሰቢያ” አደረጉት። ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ስድብ። መጀመሪያ የተመረቀው በ1935፣ ልክ ጣሊያን በወረረን ዓመት ነው። ቦምቡና የመርዝ ጋዙ የወረደው በእኛ ወገን ላይ ነበር።

ሲልቪያ በዚያ አላበቁም። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀችበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ “ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ” የተባለ ጋዜጣ ጀመሩ። ቻርተሪስ ሮድ ከሚገኘው ቤታቸው ሆነው 20 ዓመት ያህል አዘጋጁት። በ1956 (እ.ኤ.አ.) ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያው አርፈው፣ ወለተ ክርስቶስ ተብለው፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ሪቻርድም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

እንግዲህ የሥራ አመራሩ ሐሳብ ይህ ነው፦ የዘንድሮው የበጋ ሽርሽራችን ዉድፎርድ ይሁን። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በሲልቪያ ስም የተሰየመች ትንሽ አረንጓዴ ቦታ ስላለች፣ እዚያ ተገናኝተን በእግር ወደ ቦምቡ እንሄዳለን። ልጆቻችሁን አምጡ። ቸርችልን ትምህርት ቤት ይነግሯቸዋል፤ ሲልቪያን ግን እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? ምሳ ሁሉም ከየቤቱ ይዞ ይምጣ። ሐሳቡ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል።

አሁን መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን ልልቀቅ።