ስሙ በካሴቱ ሽፋን ላይ ነበር

ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው የዘፈን ደራሲውንና አቀናባሪውን ኤልያስ መልካን ልናስብ ነው። ኤልያስ ያረፈው መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ አርብ ነበር። ዕድሜው ገና 42። ቤተሰቡና የሙያ ጓደኞቹ ስለ እሱ ብዙ የሚሉት አላቸው። እኔ ዘመዱም ጓደኛውም አይደለሁም። በአካል አግኝቼው አላውቅም። እዚህ የቆምኩት እንደ አድማጭ ነው። አብዛኞቻችሁም እንደ እኔ ናችሁ ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ስለ አድማጭ ሐዘን ልናገር።

የአድማጭ ሐዘን ግራ ያጋባል። ድንኳን አይጣልለትም። እድር የለውም። ማን ማንን «እግዜር ያጥናህ» ይበል? አንድ ሰው በሥራ ቦታው ተቀምጦ፣ ሌላው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ዜናውን ይሰማል። አንጀቱ ይላወሳል። አጠገቡ ላለው ሰው ግን ምን ብሎ ያስረዳዋል? «የማላውቀው ሰው ሞቶብኝ ነው» ይባላል እንዴ?

የኤልያስ ደግሞ ይለያል። ዘፋኝ ሲሞት ቢያንስ ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል። መልኩን ሁሉም ያውቀዋል። ኤልያስ ግን ግጥም ጻፈ፣ ዜማ ደረሰ፣ አቀናበረ፣ ጊታር ተጫወተ። ከዚያ ዘፈኑን ለሌላ ሰው ሰጠው። ያ ሰው መድረክ ላይ ወጣ፣ እሱ ስቱዲዮ ቀረ። ያረፈ ሰሞን «ኤልያስ መልካ ማነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ጠራሁለት። ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸው ነበር። እያንዳንዱን ስጠራለት «እሱም የእሱ ነው?» ይለኝ ነበር።

እስቲ ለእናንተም ልጥራቸው። ቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»ን ይዞ ሲመጣ ቅንብሩ ላይ የኤልያስ እጅ ነበረበት። ዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ ከጀርባዋ ኤልያስ ነበር። የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው» የኤልያስ ሥራ ነው። የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል»ም እንዲሁ። የኃይሌ ሩትስ «ቺጌ»ም አለ። ሌሎችም ብዙ ናቸው፤ ሁሉን ልዘርዝር ብል ሌሊቱ አይበቃንም። በገና ስቱዲዮ ብሎ ስም ባወጣለት ቤት ውስጥ ስንት ድምፃዊ ገብቶ ስንት ዓይነት ሰው ሆኖ እንደወጣ አስቡት።

እኔ በተለይ ልቤ የሚቀረው በሚሊኒየሙ ዙሪያ በወጡት ሦስቱ ላይ ነው። ዘሪቱ፣ ሚካያ፣ እዮብ። ያኔ ወጣት የነበርን ሰዎች እነዚህን አልበሞች የሰማናቸው ብቻ አይደለም፤ ኖረንባቸዋል። ፍቅር የያዘውም፣ የተጣላውም፣ ሥራ ያጣውም በእነሱ ነው ያለፈው። አሁን ጠጋ ብላችሁ ስሟቸው። ሦስቱ አይመሳሰሉም። ዘሪቱ ውስጥ ፊት ለፊት የምትናገር፣ የማትለማመጥ ሴት አለች። ሚካያ ውስጥ ለስላሳ፣ ሶል ወደሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚያደላ ድምፅ አለ። እዮብ ጋ ሬጌው አለ። አንድ ሰው ሦስቱንም ሠራቸው፤ በአንዳቸውም ላይ ግን የራሱን ማኅተም አልመታም። እያንዳንዱ ድምፃዊ ራሱን መስሎ ነው የወጣው። ለእኔ የኤልያስ ትልቁ ችሎታ ይሄ ነው። ሰውን ራሱን አስመስሎ ማውጣት።

ጊታር ለመማር የሞከረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጊታሪስት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሶሎ የሚጫወተው ነው። ጣቱ የሚሮጠው፣ ተመልካች የሚያጨበጭብለት። ሪትም የሚይዘውን ማንም አያየውም። እሱ ኮርዱን ይዞ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ ዘፋኙ ሊናገር ሲል ዝም ይላል። ሬጌ ላይ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ከባድ ነው። ጊታሩ የሚመታው ምቱ ላይ አይደለም፣ በምቶቹ መሀል ነው። አጭር፣ ቁርጥ ያለ፣ ወዲያው የሚታፈን ድምፅ። ትንሽ ብትቸኩል ዘፈኑ ይፈርሳል። ትንሽ ብትዘገይ ይተኛል። የእዮብን አልበም ስትሰሙ አንድ ጊዜ ድምፁን ተዉትና ያቺን ጊታር ብቻ ተከተሉ። እዮብ በዚያ እርጋታ መዝፈን የቻለው ሥር ሆኖ የያዘው ነገር ስላለ ነው።

ኤልያስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ፣ የቫዮሊንን ትልቅና ድምፀ ወፍራም ዘመድ፣ ተምሯል። ይህ ሥራውን ለመረዳት ይረዳኛል። በኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነው። ዜማው ቫዮሊኖቹ ጋ ሲሆን እሱ ወለሉን ይዞ ይቆያል። አልፎ አልፎ ዜማው ወደ እሱ ይመጣል፤ ያኔ የሰው ድምፅ ይመስላል። ቼሎ የተማረ ሰው ዘፈንን ከታች ወደ ላይ ነው የሚሰማው። ቅንብሮቹን ስሰማ የማገኘው ይህንን ነው። መጀመሪያ ወለሉ ይሠራል። ከዚያ ለድምፃዊው ቦታ ይተዋል። የተተወው ቦታ ሳይሞላ ይቀራል።

ያ የተተወ ቦታ በጊዜው ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያን ዘመን ብዙ አልበም የሚሠራው ኪቦርድ ላይ ነበር። ሳክስፎኑም፣ ከበሮውም፣ ማሲንቆውም ከአንድ ኪቦርድ ይወጣል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሙሉ ባንድ ማስቀረፅ ውድ ነው። ስቱዲዮ በሰዓት ይከፈላል። ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጣት ሲገኝ ሁሉንም መጨመር ያምራል፤ እናም ዘፈኖቹ ይጨናነቃሉ። ኤልያስ ይቀንስ ነበር። አንድ አኩስቲክ ጊታር በቂ ከሆነ አንድ አኩስቲክ ጊታር። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ወጣት አቀናባሪዎች ላይ ይህንን ትሰሙታላችሁ። ከማን እንደወሰዱት ራሳቸው ያውቃሉ።

ስለ ግጥሞቹ ደግሞ ልጨምር። የኤልያስ ግጥም ሰውን አይወቅስም፤ ራስን ያስጠይቃል። ፍቅር ቢሆን እንኳ «ከዳሽኝ፣ ጎዳሽኝ» ብሎ ብቻ አያበቃም። እኔስ ምን አደረግኩ ወደሚለው ይሄዳል። ሐቀኝነት፣ ይሉኝታ፣ ሰው ፊት አንድ፣ ብቻ ሲሆኑ ሌላ መሆን፤ እነዚህን ነገሮች ለዳንስ በሚሆን ዜማ ውስጥ አስገብቷቸዋል። እየጨፈርን የበላነው መድኃኒት ነው። አንዳንዱ ዘፈን ከዓመታት በኋላ ነው የገባኝ። ያኔ ዜማውን ወድጄ በቃሌ ይዤው ነበር። ኋላ ኑሮ ሲያስተምረኝ ቃሉ ከውስጤ ተነሳ።

ከኤልያስ ሐዘን በፊት ሌላ ሐዘን እንደነበር አንርሳ። እዮብ በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ሕክምና ላይ ሳለ አረፈ። 37 ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚካያ ተከተለች። በወራት ልዩነት። ከእነሱ ጋር ሌሊት የሠራ፣ ድምፃቸውን ከማንም በፊት የሰማ ሰው ያንን ጊዜ እንዴት እንዳለፈው እግዜር ይወቀው። እኛ አድማጮች ሁለት ዘፋኝ አጣን አልን። እሱ ግን ግማሽ ሥራውን የተሸከሙ ድምፆች ናቸው የሄዱበት። ከዚያ በኋላም መሥራቱን አልተወም። በኩላሊት ሕመም እየተሠቃየም አልተወም።

በመጨረሻ ዘመኑ ያስጨነቀው ጉዳይ ደግሞ የራሱ ዝና አልነበረም። የባለሙያው እንጀራ ነበር። ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ዘፋኝ ቢያንስ ኮንሰርት አለው፣ ሰርግ አለው። ግጥምና ዜማ የሚደርሰው ሰው ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎት ያበቃል። ዘፈኑ 20 ዓመት በራዲዮ ይሰማል፣ በየቡና ቤቱ ይከፈታል፣ በየፍላሹ ይገለበጣል። እሱ ጋ ምንም አይደርስም። ሕግ የለም እንዳትሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አዋጁ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ወረቀቱ ላይ አለ። ኪስ ውስጥ ግን የለም።

ኤልያስ ይህን እያየ በማማረር አልቀረም። ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አውታር የሚባለውን መተግበሪያ አቋቋመ። አድማጭ በስልኩ ሂሳብ ዘፈን ገዝቶ፣ ገንዘቡ ለባለሙያው የሚደርስበት መንገድ ነው። አውታር ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ኤልያስ ያረፈው በ2012 መስከረም። ብታሰሉት ጥቂት ወራት ናቸው። አንድ በጠና የታመመ ሰው ቀሪ ጉልበቱን የሰጠው ለዚህ ነው። የራሱን አልበም ልሥራ ቢል ማን ይከለክለው ነበር? በደስታ ነበር የምንሰማው። እሱ ግን የሌሎችን ክፍያ መረጠ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሐዘናችንን የት እናድርገው? እኔ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ስም እንጥራ።

በፊት ካሴት ስንገዛ ሽፋኑ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ትላለች። በደቃቅ ፊደል ቢሆንም ትላለች። ብዙዎቻችን ኤልያስ የሚለውን ስም መጀመሪያ ያየነው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ወረቀቷ የለችም። ዘፈኑ ስልክ ላይ ይመጣል፣ የዘፋኙ ስምና ፎቶ አብሮት ይመጣል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ይጠፋል። ራዲዮ ላይም ያው ነው። «አሁን የምንሰማው የእዮብ መኮንንን ሥራ ነው» ይባልና ይከፈታል። አዋጅ 410 ራሱ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት ለደራሲው ይሰጠዋል። እንዲያውም ይህ መብት ገንዘብ አያስወጣም። አምስት ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የራዲዮ ሰዎች እንዳላችሁ አያለሁ። እባካችሁ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት፣ ሦስቱን ስም ጥሩ። ሰርግና ምሽት ክበብ የምትጫወቱ ልጆች፣ የሰው ዘፈን ስትጫወቱ ደራሲውን ተናገሩ። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የምትለቁ፣ ከሥር ጻፉት። ልጆቻችሁ «ይሄን ማን ዘፈነው?» ሲሏችሁ «ማን ሠራውም ብላችሁ ጠይቁ» በሏቸው። ይህን ስል ዘፋኞቹን ላሳንስ አይደለም። ዘሪቱን የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እነሱ ራሳቸው ስለ ኤልያስ ሲናገሩ ከማንም በላይ ናቸው።

በዚህ አዳራሽ ደግሞ ዛሬውኑ እንጀምራለን። ስጨርስ ጊታሪስቶቹ ወደ መድረክ ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚጫወቱት የእዮብን ነው፣ ቀጥሎ የሚካያን። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት አስተዋዋቂያችን ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ይናገራል። ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ የሚጫወቱትን ልጆችም በስማቸው ይጠራል። የኤልያስ ስም ዛሬ ማታ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በተጠራ ቁጥር አጨብጭቡ፤ እንዳይሰለቻችሁ።

ልጆች፣ ተዘጋጅታችኋል? እንግዲህ ውጡ።

አመሰግናለሁ።