ዊሉ እና የእኛ ካላንደር፦ የመውለጃ ቀን እንዴት ይሰላል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ክብ ካርቶን፣ ከጎኑ የእናቶች ካርድ፣ ከኋላ የግድግዳ ካላንደር]

ይህ ክብ ካርቶን እርግዝና መቁጠሪያ ነው። ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ዊል» ይሉታል። ሁለት ክቦች ናቸው። ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ፤ መሃል ላይ ተያይዘዋል፣ ትንሹ ይዞራል። ባትሪ አይፈልግም። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ሥራው አይቆምም። የጋውን ኪስ ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ድርጅት ማስታወቂያ ታትሞበት በነፃ የሚታደል ነው፤ መሃሉ ላይ የቪታሚን ስም ብታዩ አይግረማችሁ።

አጠቃቀሙን መልመድ ደቂቃ አይፈጅም። ጣጣው ሌላ ነው። ዊሉ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ካላንደር ብቻ ነው፤ እናቶች ደግሞ ቀናቸውን የሚነግሩን በእኛው ነው። ስህተት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መሃል ነው። ስለዚህ ዊሉን ከማዞራችን በፊት ቀኑን ራሱን እንያዝ።

[ምስል፦ የምርመራ ክፍል፣ አዋላጅ ነርስ እና ነፍሰ ጡር ሴት]

«የመጨረሻ የወር አበባሽን መቼ አየሽ፣ እህቴ?»

«ኧረ ሲስተር፣ ቀኑን እንኳን አልያዝኩትም።»

«በዓል አካባቢ ነበር?»

«አዎ! ለአስተርዮ። ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ ነው ተሳልሜ የተመለስኩት።»

«የጀመረሽ በዚያው ዕለት ነው ወይስ ቀደም ብሎ?»

«በዚያው ዕለት፣ ጠዋት።»

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ዊሉ የሚፈልገው ደም የጀመረበትን የመጀመሪያ ቀን ነው። አስተርዮ ማርያም ጥር 21 ነው፤ በበዓሉ ዕለት ሦስተኛ ቀኗ ላይ ብትሆን ኖሮ መነሻችን ጥር 21 ሳይሆን ጥር 19 ይሆን ነበር። የቆመበትን ቀን የሚናገሩም አሉ፤ ያኔ እስከ ሳምንት ይሳታል።

«አላስታውስም» የሚለው መልስ ላይ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ኦርቶዶክስ እናት ቤተ ክርስቲያን ያልገባችበትን በዓል ታስታውሳለች። ሙስሊም እናት ደግሞ በረመዳን ስንት ቀን እንዳልጾመች በደንብ ታውቃለች፤ በኋላ ቀዳ ማውጣት፣ ማለትም ያለፋትን ጾማ መክፈል አለባትና። ረመዳን ግን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ የዘንድሮው ወይም የዚያ ዓመቱ መቼ እንደገባ ካላንደር አይቶ ማረጋገጥ ነው። ገበያ፣ ሠርግ፣ ደመወዝ የወጣበት ሳምንት፣ ሁሉም ይረዳል።

[ምስል፦ እጅ ዊሉን ሲያዞር፣ ከቅርብ]

አሁን ወደ ዊሉ። እናታችን ያየችው ጥር 21 ቀን 2017 ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 29፣ 2025፣ ዕለቱ ረቡዕ።

ትንሹ ክብ ላይ ቀስት አለ። የመጨረሻ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ማለት ነው። ቀስቱን ትልቁ ክብ ላይ ካለው ጃንዋሪ 29 ጋር አገናኙት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዊል ጠርዝ ላይ አንድ ቀን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። አውራ ጣታችሁ ትንሽ ብትንሸራተት ሁለት ቀን አለፈ። ዊሉን ዓይናችሁ ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከጎን ስታዩት ቀስቱ ሌላ ቀን ላይ ያረፈ ይመስላል። መሃሉ የላላ አሮጌ ዊል ከሆነ ደግሞ ጣሉት። ለጥቂት ብር ወይም በነፃ የሚገኝ ነገር ነው፣ አይቆጭም።

ቀስቱን ሳትለቁ 40 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ትይዩው ኖቬምበር 5 ነው። የመውለጃ ቀኗ ይኸው።

ዛሬ ስንት ሳምንቷ ነው? ትልቁ ክብ ላይ የዛሬን ቀን ፈልጉና ከሥሩ ትንሹን አንብቡ። እናታችን ለክትትል የመጣችው በግንቦት ልደታ፣ ሜይ 9 ነው እንበል። ዊሉ 14 ሳምንት ከ2 ቀን ይላል። ከጃንዋሪ 29 ጀምሮ ሲቆጠር ልክ 100 ቀን ነው።

አንድ ማጣሪያ ልንገራችሁ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። 40 ሳምንት 280 ቀን ነው፣ 280 ደግሞ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ የመውለጃው ቀን የወር አበባው በጀመረበት የሳምንቱ ዕለት ላይ መዋል አለበት። ጥር 21 ረቡዕ ነበር፤ ኖቬምበር 5ም ረቡዕ ነው። ዊላችሁ ሐሙስ ወይም ማክሰኞ ካወጣ፣ እጃችሁ ተንሸራቷል ወይም በመሃል ፌብሩዋሪ 29 አልፏል። ዊሉ የታተመው ለ365 ቀን ስለሆነ ያችን ተጨማሪ ቀን አያውቃትም።

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፍ ስሌት]

አሁን ዊሉን አስቀምጡት። በእኛ ካላንደር እንሥራው።

ፈረንጆቹ በቃል ሲሰሉ ሰባት ቀን ይደምሩና ሦስት ወር ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ስሌቱ የሚጠራው በጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም በፍራንዝ ካርል ኔግሌ ስም ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሃይደልበርግ ያስተምር ነበር። የእነሱ ወር አንዴ 28፣ አንዴ 30፣ አንዴ 31 ስለሆነ ውጤቱ አልፎ አልፎ ከ280 በጥቂት ቀናት ይዛነፋል።

የእኛ ወር ግን ሁሌም 30 ነው። 280 ማለት ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው፤ አለቀ። መስከረም 1 ያየች ሴት፣ ዘጠኝ ወር ስትደምሩ ሰኔ 1፣ አሥር ቀን ስትጨምሩ ሰኔ 11። ከዚህ የቀለለ ስሌት የለም።

ጳጉሜን ግን አትርሷት። በመሃል ጳጉሜ ካለፈች አምስቱ ቀን ከአሥሩ ላይ ይቀነሳል። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል ማለት ነው። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት።

እናታችን ላይ እንሞክረው። ጥር 21፣ ሲደመር ዘጠኝ ወር፣ ጥቅምት 21። ጳጉሜ አልፋለች፣ የ2017 ጳጉሜ አምስት ናት። ስለዚህ አምስት ቀን ጨምሩ፦ ጥቅምት 26 ቀን 2018። ኖቬምበር 5 ማለት ነው። ዊሉም እኛም ተስማማን።

ጳጉሜ መቼ ነው መሃል የምትገባው? ድንበሩ ኅዳር 20 ነው። እስከ ኅዳር 20 ያየች ሴት ቀኗ ነሐሴ 30 ወይም ከዚያ በፊት ስለሚሆን ጳጉሜ አትነካትም። ከኅዳር ጽዮን ማለትም ከኅዳር 21 እስከ 25 (ጳጉሜ ስድስት ከሆነች እስከ 26) ያየች እዚያው ጳጉሜ ውስጥ ነው ቀኗ የሚውለው። ከኅዳር 26 (ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ከ27) ወዲያ ያሉት ጳጉሜን ተሻግረው አዲሱ ዓመት ውስጥ ይገባሉ።

ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። 2015 ላይ ሆናለች፤ 2019 ላይ ትመለሳለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዘመነ ዮሐንስ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ይገባል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ልወጣ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። በቃላችሁ የምትለውጡ ከሆነ ያን ዓመት ተጠንቀቁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ መጀመሪያ በእኛ ካላንደር በወረቀት ሥሩ፣ ከዚያ በዊሉ አረጋግጡ። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ይለውጣሉ፣ ዊሉን ያዞራሉ፣ ውጤቱን መልሰው ወደ እኛ ይለውጣሉ። ሁለት ልወጣ፣ ሁለት የመሳሳቻ ዕድል።

ካርድ ላይ ስትጽፉም ወሩን በፊደል ጻፉ። «5/11» ብሎ መተው ለሌላ ጤና ጣቢያ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ኖቬምበር 5 ነው? ሜይ 11 ነው? ወይስ በእኛ ሐምሌ 5? ሪፈር ተጽፎላት ሌሊት በአምቡላንስ የደረሰች ሴት ካርድ ላይ ይህን መገመት አይገባም።

[ምስል፦ የአልትራሳውንድ ስክሪን]

ዊሉ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ስሌቱ የተሠራው ወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት ነው። በየ35 ቀኑ የምታይ ከሆነ እንቁላሉ የሚወጣው ሳምንት ዘግይቶ ስለሆነ ሰባት ቀን ጨምሩ። እናታችን እንዲህ ብትሆን ቀኗ ጥቅምት 26 ሳይሆን ኅዳር 3 ይሆን ነበር። አንዴ በ25፣ አንዴ በ40 ቀን ለምትመጣባት ግን ዊሉ ግምት ነው።

እኛ አገር ትልቁ ፈተና መርፌ ነው። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ በጣም የተለመደ ነው፤ መርፌው ላይ እያለች ወር አበባዋ ይጠፋል፣ ካቆመችም በኋላ ለወራት ላይመለስ ይችላል። በዚህ መሃል ብታረግዝ መነሻ ቀን የለም። ጡት እያጠባች ወር አበባዋ ሳይመለስ ያረገዘችውም እንደዚያው ናት። ለእነዚህ እናቶች ቀስቱን የሆነ ቦታ ላይ አድርጎ ማዞር ራስን ማታለል ነው። ቶሎ አልትራሳውንድ መላክ ያስፈልጋል።

«ቶሎ» የሚለው ቃል ላይ አተኩሩ። እስከ 14 ሳምንት ድረስ የጽንሱ ርዝመት ከራስ እስከ መቀመጫ ሲለካ፣ ዕድሜው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለ ስህተት ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ልጅ ሁሉ በየራሱ መንገድ ያድጋል። ከ28 ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ከሆነ ስህተቱ ወደ ሦስት ሳምንት ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ አልትራሳውንድ ከ24 ሳምንት በፊት እንዲነሣ የሚመክረው አንድም ለዚሁ ነው።

አልትራሳውንዱ እና ዊሉ ካልተስማሙ? ከ9 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ልዩነቱ ከሰባት ቀን ካልበለጠ በዊሉ ቀን ይቀጠላል። ከበለጠ የአልትራሳውንዱ ይያዛል። አንዴ ከተያዘ ደግሞ አይነካም። በስምንተኛ ወር የተነሣ ሌላ አልትራሳውንድ «ሁለት ሳምንት ታንሳለች» ቢል፣ ቀኑ ይለወጥ ማለት አይደለም፤ ምናልባት ልጁ እያደገ አይደለም ማለት ነው። ቀኑን ከለወጣችሁት ችግሩን ራሱ ደበቃችሁት።

[ምስል፦ ሜትር፣ የተኛች ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ]

ዊሉ ላይ በየሳምንቱ የልጁ ክብደት እና ርዝመት የሚታይበት ትንሽ መስኮትም ሊኖር ይችላል። እናቶች ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። አማካይ ቁጥር ነው፤ የእሷ ልጅ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይናገርም።

የሚሻለው ሜትሩ ነው። ማህፀን በ12 ሳምንት ከብልት በላይ ካለው የፊት አጥንት በላይ ብቅ ይላል፣ በ20 እምብርት ይደርሳል፣ በ36 የደረት አጥንት ሥር። ከ24 ሳምንት በኋላ ከፊት አጥንቱ እስከ ማህፀኑ ጫፍ ያለው ሴንቲ ሜትር ከሳምንቱ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። 28 ሳምንት ከሆነች ከ26 እስከ 30 ማለት ነው። መጀመሪያ ሽንቷን ትሽና። ሜትሩን ደግሞ ቁጥሩ ወደ ታች ሆኖ ዘርጉት፣ ጫፉን ከያዛችሁ በኋላ ገልብጡ። ዊሉ 28 ብሎ ከነገራችሁ እጃችሁም 28ን ይፈልጋል፣ ሰው ነን።

የአንዳንዱ ዊል ጀርባ ክብደትን ከቁመት ጋር ያገናኛል። 54 ኪሎ እና 1 ሜትር ከ58 የሆነች ሴት፣ ክብደቷ ለቁመቷ ስኩዌር ሲካፈል (BMI የሚሉት) 21.6 ትሆናለች፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማው ስለሆነ በእርግዝናው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ጥሩ ነው። የሚገባው ክብደት ግን ከእርግዝና በፊት ወይም መጀመሪያ ላይ የነበረው ነው። በሰባተኛ ወሯ መዝኖ እዚህ ማስገባት ትርጉም የለውም። ከአሜሪካ የመጣ ዊል በፓውንድ እና በኢንች ሊሆን ስለሚችል፣ ጠርዙን አንብቡ።

[ምስል፦ ካርዱ ላይ የሚጻፍ እጅ]

የመውለጃ ቀን ቀጠሮ አይደለም። በዚያው ዕለት የሚወለዱት ከመቶ አምስት እንኳን አይሞሉም። ስለዚህ እናታችን ካርድ ላይ ጥቅምት 26ን ብቻ ጽፎ መተው አይበቃም፤ «ቀኔ አለፈ» ብላ ስትጨነቅ ወይም «ገና ነው» ብላ ስትዘናጋ የምታየው ያስፈልጋታል። ጥቅምት 5፣ 37 ሳምንት፦ ከዚህ በፊት ምጥ ከመጣ ልጁ ያልደረሰ ነው፣ ቶሎ ትምጣ። ጥቅምት 26፣ 40 ሳምንት። ኅዳር 3፣ 41 ሳምንት፦ ምጥ ባይጀምራትም ትምጣ፣ ቤት ሆና አትጠብቅ። ኅዳር 10፣ 42 ሳምንት፦ እዚህ ድረስ ሳትታይ መድረስ የለባትም። አራቱም ረቡዕ ናቸው።