ባለ ሁለት ሳንቲዋ ቁራጭ

እንደምን ሰነበታችሁ? ድምፄ ከሻከረባችሁ ይቅርታ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስቆርጥ ነው የዋልኩት። አሁን ቤቴ ነኝ፣ ሽምብጥ ሰፈር። ከኋላ የምትሰሙት ዝናብ ነው። የባሕር ዳር ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዝም በል አይባልም፤ አብረን እንስማው።

ዛሬ ያናደደኝን አንድ ሥራ ላውራችሁ። የዛሬ ዓመት ግድም ነው። ጣና ዳር የተሠራ ቤት። የሳሎኑ ወለል የእኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። ወለሉን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ዙሪያውን ነጭ እምነበረድ አድርግልኝ። ቀጭን፣ እንደ ቀሚስ ጥለት» አሉኝ። ስንት ሳንቲ ይሁን ስላቸው በጣታቸው አሳዩኝ። ለካሁት። ሁለት ሳንቲ።

«ቀላል ነው እትዬ» አልኳቸው። አፌን በያዘው ኖሮ!

ያኔ ሴራሚክ በማንጠፍ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሴራሚክ ሌላ ነገር ነው። በእጅ መቁረጫው ጫር ታደርጉታላችሁ፣ ጫን ስትሉት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ፋብሪካ የሠራው ስለሆነ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው። እምነበረድ ግን ደም ሥር አለው። ጭራችሁ ስትጫኑት የእናንተን መስመር ትቶ የራሱን ይከተላል። ስለዚህ በውሃ በሚሠራው መጋዝ ነው የሚቆረጠው። ይህን አውቅ ነበር። የማላውቀው ሌላ ነበር።

ድንጋዩ ከቤንሻንጉል የመጣ ነጭ ነው። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ። መጀመሪያ ያበላሸሁት ሒሳቡን ነው። 30ን ለሁለት አካፈልኩ፤ 15 ቁራጭ። አሥር ድንጋይ ይበቃል ብዬ አስገዛኋቸው። የመጋዙ ዲስክ ራሱ የሚበላውን ረሳሁት! ዲስኩ በእያንዳንዱ ቁርጥ ሁለት ሚሊ ያህል ዱቄት አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ አንዷ ቁራጭ የምትፈጀው ሁለት ሳንቲ ከሁለት ሚሊ ነው። ከአንድ ድንጋይ የሚወጣው 13 ነው፤ አንድ ሳንቲ ከምናምን ትራፊ ይቀራል። ከአሥሩ ድንጋይ 20 ቁራጭ ጎደለብኝ ማለት ነው። እሱም ምንም ካልተሰበረ።

ተሰበረ እንጂ። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ልታልቅ ሁለት ጣት ሲቀራት ቀጭ አለች። ሁለተኛዋም እዚያው ቦታ። ያልተሰበሩትም ጠርዛቸው አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። ረዳቴ ልጅ ነው፤ ሳቁን በጋቢው ደበቀ። አየሁት። ማታ የተሰበረውን ስንቆጥር 23 ሆነ።

በማግስቱ ስብርባሪውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ድንጋይ ሻጩ ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። እኔም ያንን ጠብቄ ነው መሰለኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩት። «የበሰበሰ ድንጋይ ነው የሸጥክልኝ!» አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም። አንዷን አንስቶ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና፣ «ወንድሜ፣ ዲስክህን አምጣው እስኪ» አለኝ።

ዲስኩ የብሎኬት ነበር። ዙሪያው እንደ ጥርስ የተከፋፈለው ዓይነት። ለብሎኬትና ለኮንክሪት ጥሩ ነው። እምነበረድን ግን እያንዳንዱ ጥርስ በመጣ ቁጥር ይመታዋል፣ ይሸርፈዋል። ለእምነበረድ ጠርዙ ሙሉ፣ ክፍተት የሌለው ነው የሚያስፈልገው። ነገሩን ካሰባችሁት የዳይመንድ ዲስክ፣ ጠርዙ ላይ የአልማዝ ፍርፋሪ ያለው ማለት ነው፣ አይቆርጥም፤ ይፈጫል። ወፍጮ ነው። እህል ወፍጮ ላይ ስታፈሱ ታጣድፉታላችሁ? እኔ ግን ድንጋዩን እንደ እንጨት እየገፋሁት ነበር።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። አዲስ ዲስክ ገዛሁና ወጣሁ። ዋጋም ሳልከራከር ከፈልኩ፤ ይኸው ይቅርታዬ መስሎኝ።

ዲስኩ ጠርዙን አዳነልኝ፤ ስብራቱ ግን ቀጠለ። ያንን ያወቅኩት ደግሞ ቁጭ ብዬ በማየት ነው። የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ዲስኩ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ቀጭኗ ቁራጭ ግማሿ እዚያ ክፍተት ላይ ነው የምትንሳፈፈው። ሰፊው ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ተደላድሎ ተኝቷል፤ እሷ ትንቀጠቀጣለች። መጨረሻ ላይ የሚይዛት ሁለት ጣት ድንጋይ ብቻ ሲሆን ንዝረቱ ይገነጥላታል።

ሥሯ አሮጌ ሴራሚክ አነጠፍኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ቆረጥኳቸው። ሴራሚኩ ይበላሽ፣ ዋጋ የለውም፤ እሷ ግን የምትተኛበት አገኘች። ከዚያ መጨረሻውን መጀመሪያ አደረግኩት። መስመሩን በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር አሰምራለሁ። ዲስኩ የሚወጣበትን ጫፍ አስቀድሜ አምስት ሳንቲ ያህል እቆርጣለሁ። አዙሬው ደግሞ ከሌላው ጫፍ እጀምራለሁ። ዲስኩ ያች የምትሰበር ቦታ ሲደርስ ቀድማ ተቆርጣ ትጠብቀዋለች። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍም ፊቱን ከመሸረፍ ይጠብቃል። ጠርዙን በመጨረሻ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማሸት ነው።

በሩ ጋ ጥቁሩንም መቁረጥ ነበረብኝ። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ድሮ የቀለጠ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጣናም ሐይቅ የሆነው እንዲህ ያለ ድንጋይ ፈስሶ ውሃውን ስለገደበው ነው ይባላል። ጠንካራ ስለሆነ ዲስኩን ያደንዘዋል። ሲደንዝ አዲስ አትግዙ። ብሎኬት ላይ ሦስት አራት ጊዜ አስኪዱት፤ የተሸፈነው ዳይመንድ ይወጣል። ደግሞ በደረቁ አትቁረጡ፣ አደራ። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው።

ሥራው አለቀ። እትዬ በጫማ አልረግጠውም ብለው ካልሲያቸውን አድርገው ዞሩት። ቡና አፈሉልን፣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው አበሉን። ጥለቱ አምሮ ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም።

የዚያን የመጀመሪያ ቀን ስብርባሪ ባለቤቴ ወሰደችው። ጓሮ ጤና አዳሟን ዙሪያውን ከበበችበት። ድንጋይ ከመቁረጤ በፊት አሁን አንድ የማደርገው ነገር አለ፤ ውሃ አርከፍክፌ እንዲደርቅ እተወዋለሁ። ሌላው ሲደርቅ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል።

ባለፈው ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ጓሮ ቁጭ ብዬ ነበር። ያ ስብርባሪ ቀስ በቀስ ሲደርቅ አየሁት። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከ23ቱ መስመሩ የወጣው አንዷ ላይ ብቻ ነው። የድንጋይ ሻጩን ሱቅ በር ግን እስከ ዛሬ በሌላ መንገድ ዞሬ ነው የማልፈው።